ጋቢናው ካልሞቀ ሞተሩን ጠይቁ

ሞያሌ ላይ ጭነት እስኪራገፍ ሹፌሮች ሻይ በሚጠጡበት ጥላ ሥር «የመኪናችሁ ሂተር ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ይሳቅበታል። ሂተር የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው ይባላል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት መንገድ ላይ ማሞቂያ ምን ያደርጋል? እኛም ለዓመታት አብረን ስቀናል። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ግን አንስቅም።

እኛ በአንድ አሮጌ የሂሉክስ ፒክአፕ የምንተዳደር አራት ቤተሰቦች ነን። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአበሻ ቀሚስና ነጠላ ጭነን ሞያሌ እናደርሳለን፤ ከዚያ ወዲያ ኬንያ ያሉት ዘመዶቻችን በኪራይ ፒክአፕ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ኢስሊ ይወስዱታል። መስመሩን የማያውቅ ሰው እስከ ሞያሌ ያለው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሁሉም በረሃ ይመስለዋል። ዲላን አልፎ በይርጋ ጨፌ በኩል እስከ ሀገረ ማርያም በሌሊት የሄደ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፣ የጋቢናው መስታወት በሰው ትንፋሽ ይሸፈናል። በኬንያ በኩልም ከኢሲኦሎ ወደ ቲማው የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ፣ የሐምሌ ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ናንዩኪ የምድር ወገብ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ እኛ ግን ጋቢ ደርበን ነው የምናልፋት። በጅቡቲ መስመር የሚሠሩት ወገኖቻችን ደግሞ ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን ስለሚያውቁ ስለ ብርድ እኛ አንነግራቸውም።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መኪናችን ዳገት ላይ ሙቀት ሠራችና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከሞተሩ ፊት ላይ ሁለት ብሎን ፈትቶ የቡና ስኒ አፍ የምታህል ነገር አውጥቶ አሳየን። «እትዬ፣ ይቺ ቴርሞስታት ትባላለች፤ ለበረዶ አገር የተሠራች ናት። እኛ አገር ሞተር ከማፈን በቀር ጥቅም የላትም» አለና ቆሻሻ ውስጥ ወረወራት። ብሎኖቹን መልሶ አሰረ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። እውነትም መኪናዋ ሙቀት መሥራት አቆመች። የሙቀት ጌጁ ከዚያ ወዲህ ከታችኛው መስመር እምብዛም ከፍ አይልም ነበር። እኛም «የእኛ መኪና ቀዝቃዛ ናት» እያልን ለሰው እናወራለን። ሂተሩ በዚያው ሰሞን ለብ ያለ ነፋስ ብቻ መስጠት መጀመሩን ከዚህ ጋር ያያያዘው ማንም አልነበረም። አርጅታለች አልን፤ ጋቢ ደረብን።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ኢስሊ መድረስ ያለበት ጭነት ነበረን። ከሐዋሳ ሌሊት 8 ሰዓት ተነሳን። ከይርጋ ጨፌ በኋላ ጉም ወረደ። ሹፌራችን በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ መስታወቱን ይጠርጋል፤ ሂተሩ እንደ ልማዱ ለብ ማለቱን እንኳ ትቶ ብርድ ይተፋል። «ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት» ተባባልን እንጂ ለመቆም ያሰበ የለም። ጌጁን አየነው፤ እንደወትሮው ታች ነው። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ ማንኳኳት ጀመረ፣ ቆመ። ኮፈኑን ስንከፍት የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ቴስታታው ተሰንጥቆ ነበር። ጭነቱ ሀገረ ማርያም ሰነበተ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ። በርበሬ ቢዘገይም ይሸጣል። የበዓል ቀሚስ ግን ከበዓሉ ማግሥት ማን ይገዛዋል? በግማሽ ዋጋ አራገፍነው። ከአራቱ ቤተሰቦች አንዷ ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰበችው ከዚያ ቀሚስ ነበር።

ጌጁ ለምን ዝም አለ? የጌጁ ስሜት ያለችው ሞተሩ ላይ የተሰካችው ትንሽ መለኪያ ውሃ ውስጥ ተነክራ ነው የውሃውን ሙቀት የምታነበው። ውሃው ካለቀ አየርና እንፋሎት መካከል ትቀራለች፤ ያኔ የምታሳየው ቁጥር አይታመንም። ቀድሞውንም ታች መዋል የለመደ ጌጅ ደግሞ ታች ሲሆን ማንንም አያስደነግጥም። ቴርሞስታቷ በቦታዋ ብትሆን ቱቦው አይሰነጠቅም ነበር አንልም፤ ጎማ ያረጃል። የምንለው፣ ሁለት ምስክሮች ነበሩን፤ ጌጁና ሂተሩ። የሁለቱንም አፍ ያዘጋነው ራሳችን ነን። ሲያቃጥል የከረመ ሂተር በድንገት ብርድ ቢተፋ ሹፌራችን እዚያው ይቆም ነበር። ለብ ሲል የከረመ ሂተር ቢበርድ ግን ማን ልብ ይላል?

የመኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን አቀዝቅዞ የተመለሰው ፍል ውሃ በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ወደ ጋቢናው ይገባል፤ ክሩስኮቱ ሥር በተቀመጠች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያው በእሷ ላይ ነፋስ ይነፋል። በቃ። ስለዚህ ሂተር ደከመ ማለት ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ ውሃው አልሞቀም፣ ወይ ውሃው ወደ ጋቢና አልደረሰም፣ ወይ ነፋሱ አልደረሰም ማለት ነው። ከአራቱ ሦስቱ የሞተር ጉዳይ ናቸው። እንደ ሬዲዮ መበላሸት የሚታይ ነገር አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። (አንዳንድ ለሙቅ አገር ተብሎ የተሠራ ፒክአፕ ሂተር ጭራሹን እንደሌለው አትርሱ። ማስተካከያው ላይ ቀይ መስመር ቢኖርም ወደ ጋቢና የሚገባ የውሃ ቱቦ መኖሩን ኮፈን ከፍታችሁ እዩ። አንድ ወዳጃችን ለሌለ ሂተር ሁለት ጊዜ የጥገና ገንዘብ ከፍሏል።)

መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው፤ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ ፍል ውሃ ይፈነዳበታል፤ ጠባሳ ያላቸውን ሹፌሮች ሁላችንም እናውቃለን። የተጠባባቂውን ዕቃ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ እሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ውሃ በጎደለ ጊዜ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሂተሯ ትንሽ ራዲያተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ አየሩ እሷ ውስጥ ይመሽጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ሙቀት ይመጣል፣ ሚኒሞ ላይ ሲቆም ይጠፋል። አንዳንዴ ከክሩስኮቱ ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ የሚንፎለፎል ድምፅ ይሰማል። እርግጥ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ ብዙ ሙቀት አያመርትም። ጉምሩክ በር ላይ ተሰልፋችሁ ሂተሩ ቢደክም ወዲያው አትሩጡ፣ መንገድ ላይ ስትወጡ እዩት።

ውሃው ጎድሎ ከተገኘ መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ የት ሄደ? መሬት ላይ ካልፈሰሰ ሌላ መንገድ አለው። ከጎን የሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ ጣፋጭ የኩላንት ሽታ ካለ፣ መስታወቱም በጨርቅ ቢጠረግ የማይለቅ ቅባት የመሰለ ጉም ከያዘ የምታፈሰው የሂተሯ ራዲያተር ናት። ይህ ሁሉ ከሌለና ውሃው እየጎደለ ከሄደ፣ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከተከተለ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነገር ነው። እንዲህ ያለችን መኪና ሂተሯን ጠግኑልን ብሎ ጋራዥ ማስገባት ገንዘብ መበተን ነው።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ወደ እጃችሁ ሂዱ። መኪናዋን በደንብ ነድታችሁ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ፣ ማራገቢያውንና ቺንጋውን እየተጠነቀቃችሁ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ዳብሱ። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ውሃው ደርሷል፤ ጥፋቱ የነፋሱ ነው። ማራገቢያው ደክሟል፣ አቧራና ቅጠል ዘግቶታል፣ ወይም ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚለየው በር አልተነቃነቀም። የሞያሌን መንገድ አስፋልት ሳይሆን የበላ መኪና ውስጥ ከማራገቢያው ሥር የወጣውን አፈር ብታዩ ጎመን ይተከልበታል። አንዱ ቱቦ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ገብቶ አይወጣም። በአሮጌ ሂሉክስ ከሆነ መጀመሪያ ከማስተካከያው እስከ ውሃ መዝጊያው የተዘረጋችውን ቀጭን ሽቦ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ወልቃ ወይም ዝጋ ትገኛለች፣ ያኔ ጥገናው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሽቦዋ ደህና ከሆነች ትንሿ ራዲያተር በዝገት ተደፍናለች።

ይህን ዝገት የጨመርነው እኛ ነን። መንገድ ላይ ባገኘነው ጄሪካን ሁሉ የጉድጓድ ውሃ፣ የወንዝ ውሃ፣ አንዴም የታጠበ ዕቃ ውሃ ስንሞላ ኖረናል። ራዲያተር ሲያንጠባጥብ እንቁላል መስበር የሚያውቁ ሹፌሮች አሉ፤ እኛም አድርገናል። እንቁላሉ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ እውነት ነው። ግን የትኛውን ቀዳዳ እንደሚዘጋ ማን መርጦለት? ቀጭኑን የሂተር መንገድም አብሮ ይደፍነዋል። ሁለቱን ቱቦዎች ፈትቶ በተቃራኒው አቅጣጫ በቀስታ በንጹህ ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ያድናል። የቧንቧ ውሃ በሙሉ ኃይል ወይም የጎማ መንፊያ አየር የሚለቅበት ካለ እጁን ያዙት፤ አሮጌዋ ራዲያተር ትፈነዳለች።

ሁለቱም ቱቦዎች ለብ ያሉ ብቻ ከሆኑስ? ያኔ ወደ ቴርሞስታቷ ተመልሰናል፤ የዚህ ጽሑፍ ጠባችንም እሷ ጋ ነው። በእኛ መኪና ላይ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው ቱቦ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ በድንገት መሞቅ አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ ካለ ቴርሞስታቷ ተከፍታ ደርቃለች፣ ወይም የለችም። ጌጁ ቁልቁለት ላይ ወርዶ ዳገት ላይ ከፍ ካለም ያው ነው።

መካኒኮቹን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። የሚሉት ነገር መነሻ አለው፤ ገበያው ላይ ተመሳስሎ የተሠራ ቴርሞስታት ሞልቷል፣ ተዘግታ የደረቀች ቴርሞስታት ደግሞ ሞተር ታቃጥላለች። ስለዚህ «ከሌለች አትዘጋም» ብለው ያወጧታል። ሒሳቡ ግን ልክ አይደለም። ቴርሞስታት ብርድን የምትከላከል ዕቃ አይደለችም፤ ሞተሩ በተሠራለት ሙቀት እንዲሠራ የምትጠብቅ በር ናት። ቀዝቅዞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። በዚያ ላይ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቷ የምትጠብቀው አንድ በር ብቻ አይደለም፤ ስትከፈት ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ከፍታ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ትዘጋለች። አውጥታችሁ ከጣላችኋት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሙቀት እንዳይሠራ ተብሎ የተደረገው ነገር ሙቀት ያሠራል።

አሮጌዋን ሳትጥሉ፣ አዲሷንም ሳትገጥሙ በፊት ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከሶማሌ ተራም ከናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድም ስትገዙ ዕቃዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ፤ 82 ወይም 88 የሚል ይገኛል፣ መከፈት የምትጀምርበት ዲግሪ ነው። በክር አንጠልጥላችሁ ብረት ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጣዷት፤ ድስቱን እንዳትነካ። ሲሞቅ በሯ መገፋት አለበት፣ ሲቀዘቅዝ መመለስ አለበት። ግን አንድ ነገር አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 91። ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው መከፈት ከጀመረችበት አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ 88 የሚል የተጻፈባት ቴርሞስታት በእኛ ድስት ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ትከፈታለች። ጥፋት የለባትም፤ ውሃው ነው ሳይደርስላት የፈላው። በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃ የተጣለበት ጋራዥ እንዳለ እናውቃለን። ስትገጠምም ትንሿ የአየር ማስወጫ ፒን ወደ ላይ ትሁን።

ይኸው የደጋ ነገር የራዲያተሩን ክዳንም ትልቅ ሰው ያደርገዋል። ክዳኑ ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተቀመጠ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በምንጩ ተጭኖ ውስጡን ግፊት ያበዛል፤ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ካለ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይሄድ አይፈላም። ጎማው የተበላ ክዳን ካለ ግን በ92 ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ይወጣል፣ አየር ይተካዋል፤ ጠዋት ሂተሩ ይበርዳል። ሞያሌ ቆላ ላይ ደህና የምትሄድ መኪና ደጋ ስትወጣ የምትፈላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእኛ መኪና የዛሬ ሁለት ዓመት ሙቀት የሠራችው በምን እንደነበር አሁን ስናስበው ክዳኑን ያየ ሰው አልነበረም። ርካሹ ዕቃ ሳይታይ ቴርሞስታቷ ተፈረደባት።

በኬንያ በኩል ያሉት ዘመዶቻችን ኪራይ ሲይዙ ይህን ሁሉ ለመፈተን ጊዜ የላቸውም። መሪው በቀኝ ይሁን በግራ ውሃው አንድ ነው፤ እኛ ግን አሁን አንድ ነገር እንዲያደርጉ ነግረናቸዋል። ከባለቤቱ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገው አሥራ አምስት ደቂቃ ይንዱ። ጋቢናው ካልሞቀ ለምን እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ «ፉንዲው ቴርሞስታቱን አውጥቶታል» ብሎ ካመነ ሌላ መኪና ይፈልጉ። አንዳንዱ ባለቤት ይቆጣል። ይቆጣ። የጭነቱ ባለቤት እኛ ነን፤ ቲማው ዳገት ላይ በሌሊት የሚቀረው የእኛ ዘመድ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙም እንዲሁ አድርጉ፤ ደላላው ስለ ጎማና ስለ ቀለም ሲያወራ እናንተ ሂተሩን ክፈቱ።

ብርዱን ሌላ ነገር እንዳትሉት ደግሞ እንለምናችኋለን። ተሰልፈው ሲያድሩ ጋቢና ውስጥ የከሰል ምድጃ የሚያስገቡ አሉ። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ መስኮት በተዘጋበት ትንሽ ቦታ ያስተኛና አያስነሳም። ሂተሩ በርዶ ሳለ ጭስ የሚሸት ጋቢናም ያው ነው፤ የጭስ ማውጫው ሳይጠገን መስኮት ዘግቶ መተኛት የለም።

ቴስታታው ተሠርቶ፣ አዲስ ቴርሞስታትና ክዳን ገብቶላት፣ ውሃውም ከኩላንት ጋር እኩል ተቀላቅሎ መኪናችን በኅዳር ወጣች። አየሩ እንዲወጣ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረን፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገን፣ ክዳኑን ከፍተን ሞተሩን አስነስተን እየሞላን ቆየን። ጌጁ አሁን መሐል ላይ ነው የሚውለው፤ ሹፌራችን ለመጀመሪያው ሳምንት በየደቂቃው እያየ ሲጨነቅ ነበር። ባለፈው ጉዞ ይርጋ ጨፌን ስናልፍ ጉሙ እንደ ነሐሴው ወርዶ ነበር፤ መስታወቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠራ። በቀኝ በኩል እግር ሥር ያለው ነፋስ ግን አሁንም ከግራው ይደክማል። ሽቦዋን አይተናል፣ ደህና ናት። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱን ቱቦዎች ፈትተን ራዲያተሯን ልናጥባት ነው፤ ከውስጧ ምን እንደወጣ እንነግራችኋለን፤ እንቁላሉም ከወጣ እንዲሁ።